በ1898 የሚያልፈው መስመር፦ የኢትዮጵያ አሮጌ ሽጉጦች በኦሃዮ ገበያ

ባለፈው መጸው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኮለምበስ ወጣ ብሎ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ በረድፍ በተደረደሩ ጠረጴዛዎች መካከል ስዘዋወር ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ። ሁለቱም ፈረንሳይ ሠራሽ፣ ሁለቱም የ1892 ሞዴል፣ ሁለቱም በሴንት ኤትየን የመንግሥት ፋብሪካ የተመረቱ ስድስት ጎራሾች ናቸው። በአንደኛው አፈሙዝ ጎን 1897፣ በሌላኛው 1901 ተመትቷል። ከዚህ ሌላ በዓይን የሚለይ ልዩነት አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ዋጋ ግን ከሁለተኛው በብዙ የላቀ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅ ባለጠረጴዛው፣ ዕድሜው የገፋ ትሑት ሰው፣ ስለ ብረቱ ጥራት አንዳች አልነገረኝም። «ይኼኛው በሕግ ዓይን ጠመንጃ አይደለም» ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ሰውየው እውነቱን ነው። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን መሣሪያ «ጥንታዊ ዕቃ» ብሎ ይመድበዋል። ጥንታዊ ዕቃ በፌዴራል ሕግ «የጦር መሣሪያ» ከሚለው ትርጉም ውጭ ስለሆነ ለመግዛት የሻጭ ፈቃድም ሆነ የገዢ ማጣሪያ አያሻም። ከ1898 በኋላ ተሠርቶ 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ሌላ ክፍል አለው። ሰብሳቢዎች ለሦስት ዓመት 30 ዶላር እየከፈሉ በሚያወጡት ልዩ ፈቃድ ሊገዙት ይችላሉ። እኛ የምጣኔ ሀብት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ስናይ ደስ ይለናል። አንድ የሕግ መስመር በአንድ ዓመት ላይ ሲያልፍ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ተመሳሳይ ዕቃ ሁለት ዋጋ ያወጣል። ለዋጋው ልዩነት መንስኤው ብረቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ስሌት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አድዋ 1896 ነው። በዚያ ቀን የተተኮሰ ጠመንጃ ሁሉ፣ ከጣልያንም ወገን ሆነ ከእኛ፣ ከመስመሩ በስተግራ ይወድቃል። እንግዲህ በኦሃዮ አዳራሽ ውስጥ የአድዋ መሣሪያ ሁሉ «ጠመንጃ አይደለም» ማለት ነው። ይህን ለራሴ ደግሜ ባሰብሁት ቁጥር ፈገግ ያሰኘኛል፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታውን የሚያጠፋ ጥያቄ ይከተለዋል። የእኛ አሮጌ መሣሪያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ደረሰ? ዋጋውስ ለማን ሆነ?

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ የአውሮፓ አሮጌ መሣሪያ ማራገፊያ ነበረች። አውሮፓውያን ሠራዊቶች በየአሥር በአሥራ አምስት ዓመቱ ጠመንጃቸውን ሲለውጡ የተጣለው ወደ ሊዬዥና ማርሴይ ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይጎርፍ ነበር። ቋንቋችን የዚህ ጎርፍ ማኅደር ነው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ምንሽርም ማንሊከርን በእኛ አፍ አስቀርቶታል። ሽጉጥ ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ከ«ሸጎጠ» የወጣ። አገራችን ለረጅሙ ጠመንጃ የፋብሪካውን ስም ስትቀበል ለአጭሩ ግን አያያዙን አይታ ስም ሰጠችው።

ስለዚያ ንግድ ከማውቃቸው ምስክሮች ሁሉ ቁጥሩን በግልጽ የጻፈልን፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ነው። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚወስዳቸው ጠመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ባለ ቀለህ ጠመንጃዎች መሆናቸውን፣ በሊዬዥ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ እያንዳንዳቸው 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጡ፣ ሸዋ ላይ ግን ወደ 40 ፍራንክ እንደሚሸጡ ይናገራል። የዋጋው እጥፍ አምስት ነው። ከዚህ ላይ የግመሉ ኪራይ፣ የየባላባቱ መተላለፊያ፣ የወራት ጥበቃና የበረሃው ሞት ይቀነሳል። የራምቦ ሸሪክ ላባቱ ቅፍለቱ ሳይነሣ ሞተ። ራምቦ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ይዞ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም። እንጦጦ ተከትሎ ሲያገኛቸው ምኒልክ የላባቱን አሮጌ ዕዳ አንሥተው ዋጋውን ቆረጡበት። በመጨረሻ የተስማሙት በ14,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ክፍያውም ሐረር ላይ በመኰንን እጅ የሚመነዘር ሐዋላ ነበር። ራምቦ በቀጣዮቹ ደብዳቤዎቹ መራራ ምሬት ያሰማል። የእርሱን ሕይወት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እንደ ባለቅኔ መከራ ያነብቡታል። እኔ ግን ዋነኛ ገዢ የሆነ ንጉሥ የመደራደር ኃይሉን ሲጠቀምበት የሚያሳይ የንግድ ሰነድ አድርጌ አነብበዋለሁ። ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ የገባ ነጋዴ እንደ ምኒልክ ያለ ሌላ ገዢ አልነበረውም፤ ግመሎቹን መልሶ ታጁራ መውሰድም አያዋጣውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ንጉሥ፣ አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ይጠቀማሉ። በ1889 መኰንን ወደ ኢጣልያ ተልከው በፈረሙት ተጨማሪ ውል ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። ዋስትናው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ዕዳው ባይከፈል ሐረር ትሄዳለች ማለት ነው። የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የብድር ሰነድ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ምኒልክ በዚያ ገንዘብ መሣሪያ አስመጡ፣ ዕዳውን ከፍለው ሐረርን አዳኑ፣ በ1893 ደግሞ ውሉን ራሱን አፈረሱት። ዘመናዊ የብድር ስምምነቶችን ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ያለ አድናቆት ማለፍ አልችልም። አበዳሪው ለራሱ ሽንፈት ገንዘብ ያዋጣበት ሌላ ብድር ብዙ አላውቅም። አድዋ ላይ ኢጣልያ 56ቱንም መድፎቿን ትታ ሄደች፤ የተማረከው ጠመንጃም ወደ 11,000 ይገመታል።

ሽጉጥ በዚህ ሁሉ መካከል ምን ነበር? በጦር ሜዳ ብዙም አልነበረም። ምክንያቱ ድፍረት ማጣት ሳይሆን ጥይት ነው። ጠመንጃና ጥይት ተደጋጋፊ ሸቀጦች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። የውጅግራ ጥይት በየገበያው ስለሚገኝ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከመገበያያነት ደርሶ ነበር። የፈረንሳዩ ሽጉጥ ግን 8 ሚሊሜትር የራሱን ጥይት ይጠይቃል፣ የሩስያው ናጋንት ሌላ፣ የኢጣልያው ቦዴዮ ደግሞ ሌላ። ለእነዚህ ገበያ አልነበረም። ስለዚህ ሽጉጥ የመተኮሻ ሳይሆን የማዕረግ ዕቃ ሆነ፤ ይሸለማል፣ ይታጠቁታል፣ ፎቶግራፍ ይነሡበታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። እምብዛም ስላልተተኮሰ አልተበላሸም። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ንጹሕ ጎራሽ ያኔ ጥይት በመጥፋቱ የተገኘ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ረጅሙ ጠመንጃ ግን ታሪኩ ከዚህ ይከብዳል። ነፍጥ የያዘ ሰው በአዲስ በተያዙ አገሮች የገባር ጉልበትና የመሬት ግብር ድርሻ ነበረው። ጠመንጃው በእኛ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ውስጥ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሰው ጉልበት ላይ መብት የሚሰጥ ካፒታል ነበር። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ዛሬ በፖለቲካችን ውስጥ ምን ያህል ደም እንዳፋሰሰ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አሮጌ ጠመንጃን እንደ ጌጥ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በፊት ለአንዱ ቤተሰብ የነጻነት ምልክት የሆነው ብረት ለሌላው ቤተሰብ የገባርነት መታሰቢያ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። ኮለምበስ ውስጥ፣ በክሊቭላንድ አቬኑ በአንድ ቡና ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ለአንዱ ፎቶግራፍ ሁለት የተለያየ ስም ሲሰጡት ሰምቻለሁ።

ወደ ሽጉጥ ልመለስ፤ የታወቀው ሽጉጣችን አንድ ነውና። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ምስጋና ብላ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው፣ ይህንኑ የሚናገር ጽሑፍ የተቀረጸበት ስጦታ። ቆንስል ካሜሮን በ1862 አመጣው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን በእርሱ ሰዉ። በቀጣዩ ሳምንት የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ሁሉ ደላንታ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጠ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ያስፈለጉ ሲሆን፣ የተገኘው ወደ 5,000 ፓውንድ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰውም ከተጫራቾቹ አንዱ ነበር። የደላንታው ጨረታ ከሕግ አንጻር ዝርፊያን ወደ ንብረት የቀየረ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ገዢ ሁሉ «ገዝቼ ነው» ሊል ቻለ። ያው ጦር ሲመለስ መንገድ ለከፈቱለት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፎችና ወደ 850 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ። በ1871 አድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሲያሸንፉና ቀጥለውም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ሲነግሡ ይህ መሣሪያ ትልቅ ድርሻ ነበረው። አንድ ዘመቻ ነገሥታትን ሲጥልም ሲያነሣም ማየት እንግዳ ነገር ነው።

አሁን ወደ ኦሃዮ እመጣለሁ። በ2024 መጀመሪያ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጋሻ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ኢትዮጵያ ተቃወመች፤ ሽያጩም ቀረ። ከዚያ ጋሻው ተገዝቶ ወደ አገር ቤት እንዲመለስ ተወሰነ፤ በመንገዱ ግን በእኛው ግዛት፣ ከኮለምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስነዳው በቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በኢትዮጵያ ጥበባት ዐውደ ርእይ ላይ ታየ። በኅዳር 2024 አዲስ አበባ ገባ። ይህ ጋሻ ከሌሎች በመቶ ከሚቆጠሩ ጋሻዎች እንዴት ተለየ? ዘራፊው ራሱ የመቅደላን ስምና 13 ኤፕሪል 1868 የሚል ቀን ስለቀረጸበት ነው። የወሰደው ሰው የኩራት ማስታወሻ ብሎ የጻፈው ከ156 ዓመት በኋላ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ። ያለዚያ ጽሑፍ አንድ የአፍሪቃ ጋሻ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የምከራከርበት ነጥብ አለ። የአሮጌ መሣሪያ ዋጋ በብረቱ ውስጥ ሳይሆን በምንጩ መዝገብ ውስጥ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገበያው እንደሚበላሽ ያሳየው በአሮጌ መኪና ምሳሌ ነበር። በአሮጌ ሽጉጥ ገበያ ሻጩም ገዢውም ብዙውን ጊዜ አያውቁም፤ ስለዚህ አስተማማኝ ወረቀት ያለው ሰው የዋጋውን ትርፍ ሁሉ ይወስዳል። የኦሃዮ የጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበር ከ1937 ጀምሮ የኖረው ሰዎች ብረት ስለሚወዱ ብቻ አይመስለኝም፤ ማኅበር ማለት የመተማመኛ መዝገብ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ምን አደረገች? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመጋዘኖቻችን የወጡ አሮጌ መሣሪያዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ገብተው ለገበያ ቀረቡ፦ የአድዋ ዘመን ቬተርሊዎችና ውጅግራዎች፣ የወረራው ዘመን ካርካኖዎች፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምልክት ያለባቸው ማውዘሮች። ብዙዎቹ የዛጉ፣ ሰደፋቸው በሽቦና በጠፍር የተጠገነ ነበር። በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ «የኢትዮጵያው» የሚለው ቃል ለጊዜው የርካሽና የተጎሳቆለ ዕቃ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔን የሚያንገበግበኝ መሸጣቸው አይደለም፤ መቶ ሺህ የዛገ ጠመንጃ ሁሉ ቅርስ ነው የሚል እምነት የለኝም። የሚያንገበግበኝ የትኛው ከየትኛው መጋዘን፣ ከየትኛው ክፍለ ጦር፣ ከማን እጅ እንደመጣ የሚናገር አንድ ቅጠል ወረቀት አብሮ አለመምጣቱ ነው። ያ የጠፍር ጥገና ራሱ የአንድ አገር አንጥረኛ ሥራ ነበር፤ በምርት ታሪካችን ውስጥ ሊጠና የሚገባው። እዚህ «ጉድለት» ተብሎ ዋጋ ተቀነሰበት።

ሌላ መንገድ ነበር። ኔፓል በ2003 ከካትማንዱ አሮጌ ቤተ መንግሥት ወደ 50,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎች ሸጣለች። የሄደውን ሄዷል፤ ነገር ግን ከአንድ ታወቀ ቦታ በአንድነት ስለወጡ የመገኛቸው ታሪክ አብሯቸው ተጓዘ፣ ተጻፈባቸውም፤ ዛሬ «የኔፓሉ» ማለት ራሱን የቻለ ስም ነው። ከዚያ ታሪክ የተገኘው ትርፍ ለኔፓል ሳይሆን ለአስመጪዎቹ መድረሱን አልክድም። ቢያንስ ግን ተመራማሪ ሊከተለው የሚችል ዱካ አለ።

በእኛ ሕግ አሮጌ መሣሪያ በሁለት ወንበሮች መካከል ይወድቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ጠመንጃን በዋነኛነት እንደ ጸጥታ ጉዳይ ያያል። የጸጥታ ሰው ፊት የቀረበ የአያት ምንሽር መመዝገብ ወይም መወረስ ያለበት ብረት ነው፤ የቅርስ ባለሙያው ዘንድ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህን ከቤቴ አውቀዋለሁ። የእናቴ አባት ጠመንጃውን በ1967 ዓ.ም. ለአንድ ጽሕፈት ቤት አስረክቦ ደረሰኝ ተቀብሏል። ደረሰኙ እስከ ዛሬ በእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ቁጥሩም ማኅተሙም ይነበባል። የመሣሪያው ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን «አሮጌ ጠመንጃ፣ 1» የሚል ብቻ ነው ያለው።

ጦርነት ባልበረደበት አገር ስለ አሮጌ ጠመንጃ መዝገብ መጻፍ ቅንጦት እንደሚመስል ይገባኛል፤ የአገር ቤት ጓደኞቼም እንዲያው ብለውኛል። መልሴ ርካሽ ነገር ነው የምጠይቀው የሚል ነው። ከመጋዘን የሚወጣ መሣሪያ ከመቅለጡ ወይም ከመሸጡ በፊት ምልክቱ፣ ቁጥሩና የተቀረጸበት ጽሑፍ ፎቶ ይነሣ፤ ፎቶውም ለተመራማሪ ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ሠራተኛ በስልኩ በቀን መቶ ያህል መሣሪያ ሊመዘግብ ይችላል። የአሥር ሺህ መሣሪያ መዝገብ የአንድ ሰው የአምስት ወር ደመወዝ ነው ማለት ነው። በዚህ በኩል ደግሞ እኛ እዚህ ያለነው ልናደርገው የምንችለው አንድ ሥራ አለ፤ ማንበብ። በአሜሪካ ጠረጴዛዎች ላይ ያለውን የግእዝ ፊደል ከእኛ በቀር የሚያነብብ የለም።

ይህን የምለው በዚያ ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው። የ1897ቱ ሽጉጥ ከአሮጌ የቆዳ አፎት ጋር ነበር። ባለጠረጴዛው የአፎቱን ክዳን ገልብጦ በቀለም የተጻፈ ነገር አሳየኝ። «ከክፉ የሚጠብቅ ጸሎት ነው፤ ከንጉሡ ዘብ ጠባቂ የተገኘ» አለኝ። ጸሎት አልነበረም። «ባሻ» የሚል ማዕረግ፣ ግማሹ የጠፋ የሰው ስም፣ ከዚያም ፲፱፻፳፩ የሚል ዓመት ነበር፤ ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት ዓመት። ስለ ንጉሥ ዘብ የሚናገር አንዳች አልነበረበትም።

ዝም ብል ኖሮ በተለጠፈው ዋጋ ልገዛው እችል ነበር። ለአፍታ አሰብሁት፤ የማውቀውን ሻጩ የማያውቅበት ገበያ ውስጥ ስቆም የመጀመሪያዬ ነበርና። ከዚያ ያነበብሁትን በእንግሊዝኛ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፍሁለት፤ ማዕረጉን፣ የተረፈውን የስም ፊደል፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር። «የዘብ ጠባቂ» የሚለውን እንዲተወው ጨምሬ ነገርሁት። አመሰገነኝ፤ ካርዱን በመነጽሩ አነበበው፤ ቀጥሎ የተለጠፈውን ዋጋ አንሥቶ ሁለት መቶ ዶላር ጨመረበት። እኔም ሳልገዛ ሄድሁ።

በጥር ወር እዚያው አዳራሽ ተመልሼ ሄድሁ። የ1897ቱ ሽጉጥ ከአፎቱ ጋር ተሽጧል። የ1901ዱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከአጠገቡ በላስቲክ ተሸፍኖ የተቀመጠው ወረቀት የእኔ ካርድ ግልባጭ ነው።